ኩባያ የማታጥበዋ ምራታችን

ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ውጭ አገር ተቀምጦ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሁለት ሻንጣና አንዲት ረጅም የሆላንድ ሚስት ነበር። ሻንጣዎቹን በአንድ ከሰዓት አራገፍናቸው። ሚስቱን ለመልመድ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጊዜ ፈጀብን፤ እሷም እኛን ለመልመድ እንደዚያው።

ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ሌላ ወንድምም እህትም የለንም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለዚህ ለምራታችን አስተርጓሚም፣ መንገድ መሪም፣ የባህል መምህርትም ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ሹመቱን የሰጠኝ ወንድሜ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስህተት እንደሠራ እስካሁን አይገባኝም። ምላሴ አያርፍም፣ በሰው መቀለድ እወዳለሁ፤ እናቴ "አንቺን የሰጠኝ ለኃጢአቴ ነው" እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ምራታችን መጀመሪያ የተሰናከለችው በሰላምታ ነው። እኛ ዘንድ "እንዴት አደርሽ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው፤ ስለ እንቅልፍሽ የእውነት ሊሰማ የቆመ ማንም የለም። እሷ ግን የተጠየቀችውን ሁሉ ትመልሳለች። ጎረቤት "እንዴት አደርሽ?" ሲላት ቆም ትልና ታስባለች፤ ከዚያ በዚያች በተማረቻት አማርኛ "ደህና አላደርኩም፤ ውሻ ጮኸ፤ ግራ ጉልበቴን አመመኝ" ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ ስለ ጉልበቷ የሰሙ ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ጠበል፣ አንዷ ቅባት፣ አንዷ ደግሞ ምክር ብቻ ይዘው ቤታችን መጡ።

ይቺን አይቼ እኔ ሰይጣኔ ተነሣ። "አየሽ" አልኳት፣ "እኛ አገር ሰላምታ እንዲህ አጭር አይደለም። ባልየውን ትጠይቂያለሽ፣ ልጆቹን ትጠይቂያለሽ፣ ከዚያ ላሟን፣ ጥጃዋን፣ በመጨረሻ ውሻውን።" አመነችኝ። በማግስቱ ከአጥራችን ማዶ ያሉትን እትዬን አግኝታ፣ ባላቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ላማቸውን፣ ጥጃዋን፣ ውሻቸውንም ሳይቀር አንድ በአንድ "ደህና ናቸው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ስጠብቅ፣ እትዬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ "እሰይ! የሰው ልጅ እንዲህ ነው! ያቺን ላም ከወለደች ወዲህ ማንም አልጠየቀልኝም" ብለው ሦስት ጊዜ ሳሟት። ለኔ ደግሞ "አንቺስ አጠገቤ እየኖርሽ ላሜን ጠይቀሽልኝ ታውቂያለሽ?" የሚል ወቀሳ ደረሰኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬን ላም እኔም እጠይቃለሁ፤ የራሴ ሥራ ነው፣ ማንን እከሳለሁ?

መሮጧ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ትሮጣለች። አንድ ቅዳሜ፣ በአህያ እህል ጭኖ ወደ ገበያ የሚመጣ ገበሬ አያትና ዱላውን ጨብጦ "በየት ሄደ? በየት ሄደ?" እያለ አብሯት ሮጠ። ሌባ የምታባርር መስሎታል። እሷ የሩጫ ጓደኛ ያገኘች መስሏት ፈገግ ብላ ፍጥነት ጨመረች፤ እሱም ጨመረ። ትንፋሹ ሲያልቅበት ቆሞ "ምንሽን ነው የወሰደው?" አላት።

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?"

"ለጤና።"

ሰውዬው አህያዎቹን የት እንደተዋቸው ትዝ ያለው ያኔ ነው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ገባ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ስትሮጥ ያያት ሁሉ "አይዞሽ፣ ምንም የለም፣ ተመለሺ" ይላታል።

ይሄን ሁሉ ቻለችው። ብርዱን ቻለችው፣ ኔትዎርኩን ቻለችው፣ እኔን ቻለችኝ። ያልቻለችው እናቴን ነው። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም። እናቴ ደግ ሆና ነው፤ እሱ ነው ችግሩ።

እናቴ ምራታችንን የምትጠራት "እንግዳዬ" እያለች ነው። እንግዳ ደግሞ እናቴ ቤት ንጉሥ ነው። የአባቴ ወንበር ላይ፣ ከኋላዋ ትራስ ተደርጎላት ትቀመጣለች። ለብቻዋ ሳህን፣ ለብቻዋ ሹካ ተገዛላት። እኛ አንድ ገበታ ከበን ስንበላ፣ እናቴ ራሷ አትቀመጥም፤ የእንግዳዋ ሳህን እንዳይጎድል ከጎኗ ቆማ ትጠብቃለች። ምራታችን የጠጣችበትን ኩባያ ልታጥብ ስትነሣ እናቴ "ውይ! ውይ! ውይ! እኔ ቆሜ?" ብላ ከእጇ ትነጥቃታለች። አንድ ቀን ማልዳ ተነሥታ ግቢውን ጠረገች። በማግስቱ እናቴ ከእሷ በፊት ተነሣች። በሦስተኛው ቀን መጥረጊያው ጠፋ። በኋላ ስፈልግ እናቴ አልጋ ሥር ተደብቆ አገኘሁት።

እኔማ ይሄ ሁሉ እንደ ሙሽራ መከበር መስሎኝ እቀናባት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሦስት ወር ሙሉ" አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ "አንድ ኩባያ አላጠብኩም።"

"ታድለሽ!" አልኳት። አልሳቀችም።

"እንግዳ ሰው መጥቶ ይሄዳል እንጂ አይኖርም። እናትሽ በየቀኑ እንደምሄድ ትነግረኛለች፤ በአፏ አይደለም፣ በሹካው ነው፣ በወንበሩ ነው። ከወንድምሽ ጋር ተነጋግረናል። እስከ ገና እንሞክራለን። ገና ሲደርስ አሁንም እንግዳ ከሆንኩ፣ እንመለሳለን።"

ምላሴ በዚያች ሰዓት ዐረፈ። ዘጠኙ ዓመት ፊቴ ድቅን አለብኝ። እናቴ ስልኳን በብብቷ ይዛ ስትተኛ፣ በየወሩ ሚካኤል ስሙን አስጠርታ ስትመለስ፣ "ጠቁሯል ወይስ ቀልቷል?" እያለች በስልክ ያየችውን ፊት ስትጠይቀኝ። አሁን ተመልሶ ቢሄድ፣ ሚስቱ እዚህ መኖር አልቻልኩም ስላለች ቢሄድ፣ ከእንግዲህ ለበዓል ብቻ የሚመጣ ልጅ ነው። ለራሴም አዘንኩ። ሴትዮዋን ወድጃታለሁ። እንደ እሷ የሚያምነኝ ሰው ከየት አገኛለሁ?

"ለእማ ልንገራት" አልኳት።

"እንዳትነግሪያት። ተለምና የምታደርግልኝን አልፈልግም። ማይልኝ።"

ማልኩላት። ቢሆንም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ዳር ዳሩን ሄድኩ። "እማ፣ እስቲ ትንሽ ሥራ ስጫት፤ መቀመጥ ያማል" አልኳት።

እናቴ የሰደብኳት ያህል ደነገጠች። "ምን አልሽ? እናቷ ከባሕር ማዶ ልጄን ብላ ሰጥታኝ፣ ሳህን ላሳጥባት? ምን ትለኛለች? ሰውስ ምን ይለኛል? ወግጂ ከፊቴ!" ወገድኩ።

የልደቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምራታችን እናቴን መቼ እንደተወለደች ጠየቀቻት። እናቴ "ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን እሱ ይወቀው" አለች። ምራታችን ቀኑን በስልኳ ላይ ጻፈችው። ወዲያው እኔን ጓዳ ጎትታ ዕቅዷን ነገረችኝ። በእነሱ አገር ሰው በተወለደበት ቀን፣ ወዳጆቹ ሳያውቅ በድብቅ ይጠራሉ፤ ቤቱን ሞልተው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁታል፤ ልክ ሲገባ በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ። "እንግዳ ድግስ አይደግስም" አለችኝ፤ "ደጋሽ ልሁን፣ እስቲ ምን ትለኛለች።" ዓይኗ ሲያበራ ሳይ ልቤ አብሮ ዘለለ። "ጎረቤቱን እኔ እጠራለሁ" አልኳት።

እናንተ አንባቢዎች ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ታይቷችኋል። ለኔ አልታየኝም። እኛ አገር ሰው በድብቅ ተጠርቶ፣ ቤት ሞልቶ፣ ጸጥ ብሎ የሚጠብቅሽ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ሊነግርሽ። ዘመድሽ ሞቶ አንቺ ያልሰማሽ እንደሆነ፣ ጎረቤት ይመካከራል፤ ለአንቺ ትንፍሽ የሚል የለም፤ የሚጠራራውም ሌላ ምክንያት እየፈጠረ ነው። ስትገቢ ያንን ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ታገኚዋለሽ፤ ማንም ሳይናገር ይገባሻል።

ዘጠኝ ቤት ዞርኩ። "ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ ሳታውቅ ቤት ኑልን። ልደቷን ልናከብርላት ነው" እላለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ "ልደት? የእናትሽ?" ይላሉ። ከዚያ ፊቴን ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሺ፤ ገባን" ይላሉ። አንዷ እጄን ጨብጣ "አይዞሽ፤ አንቺ ጠንካራ ልጅ ነሽ" አለችኝ። ድግሱ እንዳይከብደኝ ያለችኝ መስሎኝ "ኧረ ቀላል ነው" አልኳት። ሴትዮዋ በኔ ጥንካሬ አማተበች።

የገባኝ ዘጠነኛው ቤት፣ እትዬ ጋ ስደርስ ነው። እትዬ በአጥሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው "ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ እኔ ልሙትልሽ፣ ማን ነው?" አሉኝ።

በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ሁሉ ነገር ይቀና ነበር። "ማንም አልሞተም፤ የእውነት ልደት ነው" ማለት ምን ያቅተኛል? ግን ሰይጣን ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ጥለው መጥተው፣ እልልታ ሲሰሙ የሚሆኑት ሁሉ ታየኝና ሆዴ ሳቀ። ስለዚህ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩና "እዚያው ይሰሙታል እትዬ" ብያቸው ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሄድኩ። እትዬ ይሄን ይዘው በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ እንደሚሄዱ ግን አላሰብኩም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ማልዳ ወደ ንግሡ ወጣች፤ እኛ ኋላ ቀረን። ምራታችን በሁለት ቀን ልፋት የሠራችው ኬክ አንድ ወገኑ ተጋግሯል፣ አንድ ወገኑ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ሻማ ሰካችበት። እሷ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ኬኩን ይዛ ትቆማለች። እናቴ ስትገባ እኔ እልል እላለሁ፣ ሰዉ ሁሉ እልል ይላል፣ ያኔ እሷ ትወጣለች። "እልልታ ሳትሰሚ፣ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትወጪ" ብያታለሁ። ለአንዴ እንኳ ትክክለኛ ነገር አስተማርኳት ብዬ ኮርቼ ነበር።

ጎረቤቶቹ ከቅዳሴው ሾልከው መምጣት ጀመሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚዘቀዘቅ አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገብተው፣ ሰላም ሳይሉኝ፣ ጥግ ጥጉን ያዙ። ወንዶቹ አልገቡም፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቆባቸውን አውልቀው ተደረደሩ። የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው መሐል ላይ ቆሙ። በአጥሩ አሻግሬ ሳይ ሁለት ጎልማሶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን በጋቢው ሸፍኗል። አሁን ሳቄ ጠፋ። ዳኛውን ልጠጋ ስል የውጭው በር ሲጥ አለ።

እናቴ ናት። ቅዳሴ ላይ አብረዋት የቆሙት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ሲጠፉባት ልቧ ተጠራጥሮ፣ የሚካኤል ታቦት እስኪገባ ሳትጠብቅ መምጣቷን በኋላ ነግራናለች። ግቢውን አየች፤ ወንዶቹን አየች። ወደ ቤት ገባች። ያ ሁሉ ሴት ጸጥ ብሎ ወለል ወለሉን ያያል። እኔ በሩ ጎን ቆሜያለሁ፤ አየችኝ፤ አለሁ። ወንድሜን አየችው፤ ግድግዳ ተደግፎ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቁን አፍኖ ነው፣ ከንቱ! ለእናቴ ግን የሚያለቅስ ባል ነው። ዓይኗ ቤቱን ዞረ። የአባቴ ወንበር ባዶ ነው።

አፌን ከፈትኩ። እልል ልል ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ልል ነበር። እትዬ ቀደሙኝ። "ዋይ!" አሉ፤ ማን እንደሞተ ሳያውቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልናገረው? እናቴ ነጠላዋን ጥላ ደረቷን መታች። "ልጄን!" አለች። "ልጄን! ልጄን! ባሕር ተሻግራ መጥታ እኔ ቤት! ለእናቷ ምን ብዬ ልላክባት! ልጅሽን ብርድ ገደላት ልበል? እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እንደ ጣዖት ወንበር ላይ አስቀምጬ! ኩባያ ላጥብ ስትለኝ እየነጠቅኋት! ምነው ባጠበችው ልጄ! ምነው የቤቴን ዕቃ ሁሉ በሰበረችው! ልጄን! የኔን ረጅም! ግቢዬን ጠርጋልኝ ነበር እኮ፤ መጥረጊያ ደበቅኩባት!" ሴቶቹ ማን እንደሞተ አሁን ስላወቁ አብረው ጮኹ። እትዬ "ላሜን የጠየቀችኝ!" እያሉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ጡሩምባው ተነፋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

እኔ መጋረጃውን አያለሁ። መጋረጃው ሥር ሁለት ትልልቅ እግሮች ቆመዋል፤ አይንቀሳቀሱም። እልልታ አልሰማችማ! ግን ሌላውን ሁሉ ትሰማለች። በሦስት ወር ብዙ አማርኛ አልተማረችም፤ "ልጄ" የምትለዋን ግን ታውቃታለች፣ እናቴ እኔንና ወንድሜን ስትጠራ በየቀኑ የምትሰማት፣ አንድም ቀን ለእሷ ያልደረሰቻት ቃል ናት። የመጋረጃው ጫፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ እኔም አለቀስኩ፤ እየሳቅኩ አይደለም፣ የእውነት አለቀስኩ። ይሄን ቃል ለማውጣት ሴትዮዋ መሞት ነበረባት እንዴ?

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ዋይታ መሐል፣ እንባዬ እየወረደ፣ ባለ በሌለ ድምፄ "እልልልልል!" አልኩ።

"ልጅቱ አበደች" አለች አንዷ። እኔ ደግሜ እልል አልኩ። መጋረጃው ተገለጠና ሟቿ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ በሁለት እጇ የሚነድ ሻማ የተሰካበት ነገር ይዛ ወጣች።

"በስመ አብ!" ብለው እትዬ ከወለሉ ተነሥተው በሩን ሳይሆን መስኮቱን ያዙ። ዳኛው ገብተው ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው አማተቡ። እናቴ ብቻ አልሸሸችም። በቀስታ ሄደች፤ የምራታችንን ጉንጭ ነካች፤ ክንዷን ጨበጠች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሙቀት ስታገኝባት ፊቷ ተለዋወጠ።

"አንቺ ልጅ!" አለች። ሻማዎቹን አየች። "በቁምሽ ሻማ ታበሪያለሽ? እፍ!" በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አጠፋቻቸው። ወንድሜ ከዚያ ግድግዳ ሥር "እልል" አለና አጨበጨበ፤ እሱ የሚያውቀው የልደት ሥርዓት ተፈጽሟል። እናቴ ግን ገና መጀመሯ ነው። የጣለችውን ነጠላ አንሥታ በጫፉ ምራታችንን ትከሻዋ ላይ ጥፍ፣ ጥፍ አደረገቻት። "ልቤን ልታቆሚው ነበር! ይሄን ሁሉ ሰው ጠርተሽ ምን ልታበይው ነው? ይቺን የሕፃን እጅ የምታህል ዳቦ? ለሚካኤል የጠመቅኩት ጠላ እዚያ ነው፤ ድፎው እዚያ ነው፤ ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ ጓዳ!"

ምራታችን ወደ እኔ ዞረች። "ተቆጣችኝ?" አለችኝ።

"ክፉኛ" አልኳት።

እንዲህ ሲቆጡት ደስ ብሎት የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዳኛው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ወንድሜ ተጠጉ። "ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉት።

"ማንም።"

"ማንም? ድንኳኑስ?"

ወንድሜ ትንሽ አሰበና "ይተከል አባቴ፤ ፀሐይ ነው" አላቸው። ተተከለ። ጡሩምባውን የሰማ ሰው ከሰዓቱን ሁሉ ዋይ እያለ በግቢያችን በር ይገባል፤ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ ሟቿ ራሷ ብርጭቆ ይዛ ጠላ ትቀዳለታለች። ከደብረ ኤልያስ መንገድ የመጣ አንድ የአባቴ ዘመድ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ካለቀሰላት በኋላ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ከእጇ ጠጥቶ፣ ማን እንደሆነች ሲነገረው ብርጭቆውን ዳግም አላነሣም። ምራታችን ይሄንን ሁሉ ሰው ብቻዋን አስተናገደች። እናቴ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ "እዚያ ጎድሏል! ለዳኛው ጨምሪ! በቀኝ እጅሽ!" እያለች ታዝዛታለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እትዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ደከምኩ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቁኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ሰዉ ሳስቶ ጥቂት ስንቀር ምራታችን ላቧን ጠርጋ ለእናቷ በስልክ ደወለች። ነጭ ፀጉር ያላት፣ መነጽር ያደረገች ሴትዮ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ታየች። ምራታችን በአገሯ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ አወራቻት፤ ሴትዮዋ አንዴ ትሥቃለች፣ አንዴ አፏን በእጇ ትይዛለች። እናቴ አላስችል አላትና ስልኩን ተቀበለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በስልክ ስታገኛት ጎንበስ ብላ እጅ ከመንሣት በቀር አንድ ቃል ተናግራት አታውቅም።

"ንገሪልኝ" አለችኝ። "ልጅሽ ዛሬ አራት ብርጭቆ ሰበረች በያት። ጠላ ስትቀዳ ግማሹን ምንጣፉን ነው ያጠጣችው። ዕቃ ስታጥብ ባሕር የሚያህል ውሃ ትጨርሳለች። አንድ ሴት ልጅ ወልደሽ ምንድን ነው ያስተማርሻት? በያት።"

በሦስት ወር ከግማሽ የማስተርጎም ሥራዬ፣ ከራሴ ሳልጨምርበት ያለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ኖሮ አያውቅም። ይሄኛውን እንዳለ ተረጎምኩት።

ባለ ነጭ ፀጉሯ ሴትዮ እናቴን አየቻት። ከዚያ ሳቀች። "እዚህም እንደዚያው ነበረች፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነው የተውኳት" አለች። ተረጎምኩላት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "አይዞሽ በያት። እኔ አስተምራታለሁ። ምን ያስቸኩለናል?"

ምራታችን ይሄን ያለ አስተርጓሚ ሰማችው። ወንድሜን አየችው፤ እሱም አያት፤ ስለ ገና ማንም አላነሣም። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ አምስተኛው ብርጭቆ ሲሰበር ሰማን።